ጓጉንቸር ስትገዙ ቁልፎቹን ቁጠሩ

ባለፈው ሳምንት ታላቋ ልጄ ደውላ፣ «አባዬ፣ ለሱቁ ጠንካራ ጓጉንቸር ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» አለችኝ። የከፈተችው የባልትና ሱቅ ነው። በተከራየችው ኮንቴይነር ውስጥ ያለው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤና ማር የሁለት ዓመት እቁቧ ነው፤ በዚያ ላይ በየወሩ የሚከፈል ብድር አለባት። «ማንኛውም ይሆናል» ብዬ የምመልሰው ጥያቄ አልነበረም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ኃላፊ ስለነበርኩ፣ የቁልፍ ነገር ሲነሳ ዘመድም ጎረቤትም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ከመካከላችሁ ሱቅ ያለው፣ ቤት የሚያከራይ፣ ወይም ልጁን ሥራ ያስጀመረ አይጠፋም።

መጀመሪያ በሩን እዩ

«ገበያ ከመውጣትሽ በፊት በሩን እዪው» አልኳት። ሌባ ከጠንካራው ጋር አይታገልም፤ ደካማውን ይፈልጋል። ጓጉንቸሩ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን፣ የሚንጠለጠልበት መያዣ ብረት በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ከተያዘ ሌባው ጓጉንቸሩን አይነካውም። ብሎኖቹን በካቻቪቴ ፈትቶ ይገባል። ጠዋት ሲታይ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ከነመያዣው መሬት ላይ ተጋድሟል። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ በሩ የብረት ከሆነ መያዣው ይበየድ። የእንጨት ከሆነ ብሎኑ እንጨቱን አልፎ ከውስጥ በኩል በዳዶ ይታሰር፤ በሩ ሲዘጋም የብሎኑ ራስ ከውጭ የማይገኝ ይሁን። ማጠፊያውንም አትርሱ። ማጠፊያው በውጭ በኩል ከሆነና በመሐሉ የሚያልፈው ዘንግ በመዶሻ ተመትቶ የሚወጣ ከሆነ፣ በሩ በጓጉንቸሩ ሳይሆን በጀርባው ይከፈታል። የዘንጉን ጫፍ በብየዳ ነካ ማድረግ ይበቃል። ጓጉንቸር ለመግዛት ገንዘብ ስትመድቡ የበያጁን ዋጋ አብራችሁ አስቡ።

ከዚያ ቀለበቱን

ጓጉንቸር ስንገዛ አብዛኞቻችን የምናየው አካሉን ነው። የሚቆረጠው ግን ከአናቱ የታጠፈው ብረት፣ ቀለበቱ ነው። በብዙ ጓጉንቸሮች ላይ 40፣ 50፣ 60 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የአካሉን ስፋት በሚሊሜትር የሚናገር እንጂ የቀለበቱን ውፍረት አይደለም። ሰፊ አካል ላይ ቀጭን ቀለበት ተተክሎ ሲሸጥ ታያላችሁ። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ለቁም ሳጥን ወይም ለቤት ውስጥ ሳጥን 5 እና 6 ሚሊሜትር ይበቃል። ለግቢ በር ከ8 አታሳንሱ። ለሱቅና ለመጋዘን ከ10 እስከ 12 ቢሆን እመክራለሁ። የበሩ መያዣ ቀዳዳ ግን ይህን ውፍረት ማሳለፍ አለበት፤ ቀዳዳውን ሳይለኩ ገዝቶ መመለስ የተለመደ ነው።

ውፍረት ብቻውን አይበቃም። ብረቱ በእሳት ተሞቆና ቀዝቅዞ የጠነከረ አረብ ብረት መሆን አለበት። በእንግሊዝኛ «ሃርደንድ» የሚል ቃል ቀለበቱ ላይ ይቀረጻል፤ ይሁን እንጂ ቃል መቅረጽ ለማንም ቀላል ነው። ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ በማይታይ በኩል በሞረድ ነካ አድርጉት። ለስላሳ ብረት ወዲያው ይፋቃል፤ የጠነከረው ላይ ሞረዱ ይንሸራተታል። በአውሮፓ ጓጉንቸሮች የሚፈተኑበት ኢኤን 12320 የሚባል መለኪያ አለ፤ ደረጃው ከ1 እስከ 6 ሲሆን ትልቁ ቁጥር ጠንካራው ነው። ይህ ቁጥር በማሸጊያው ላይ ካገኛችሁ ከሻጩ ምላስ የተሻለ ምስክር ነው።

ሦስተኛው ነገር የቀለበቱ ርዝመት ነው። ጓጉንቸሩ ተቆልፎ ሳለ በቀለበቱና በመያዣው መካከል ሰፊ ክፍተት ካለ፣ በዚያ ፌሮ ገብቶ ይጠመዘዛል። ክፍተቱ ባነሰ ቁጥር መቁረጫም ፌሮም መግቢያ ያጣሉ። የአካሉ ትከሻ ወደ ላይ ወጥቶ ቀለበቱን ከሁለት ጎን የሚሸፍን ዓይነትም አለ፤ ለመጋዘን በጣም ጥሩ ነው።

ውስጡን ለማየት ጓጉንቸሩን ክፈቱና የቀለበቱን እግሮች ተመልከቱ። ጎድጎድ ያለው ቦታ በአንዱ እግር ላይ ብቻ ከሆነ የሚይዘው በአንድ በኩል ነው። በሁለቱም እግሮች ላይ እንደ ግማሽ ክብ የተቦረቦረ ከሆነ ግን በአብዛኛው በሁለት የብረት ኳሶች ይያዛል፤ ይህኛው በቀጭን ቆርቆሮ ተጎርጉሮ አይከፈትም። ነሐስ ነው የተባለውን ደግሞ በማግኔት ሞክሩት። ነሐስ አይዝገምና ዝናብ ለሚመታው በር ተስማሚ ነው፤ ማግኔት ከሳበው ግን ቢጫ ቀለም የተቀባ ብረት ገዝታችኋል።

አሁን ገበያውን የሞላው የሚጮህ ጓጉንቸር አለ፤ ሲነካ ያስጮኻል። መጥፎ አይደለም፤ ግን ባትሪ ይፈልጋል፤ ጩኸቱንም የሚሰማ ሰው ያስፈልገዋል። እውነቱን ለመናገር በባትሪ በሚሠራ ግራይንደር ፊት ለዘላለም የሚቆም ጓጉንቸር የለም። ጥሩ ጓጉንቸር ሌባውን ያዘገየዋል፣ እንዲያስጮህም ያስገድደዋል። የቀረውን የሚሠሩት መብራት፣ ዘበኛና ጎረቤት ናቸው።

ቁልፉ ማን ጋ ነው?

እስካሁን ያልኩት ስለ ብረት ነው። ልጄን ረዘም አድርጌ ያነጋገርኳት ግን ስለ ቁልፉ ነበር። በሰፈራችን የሆነውን ልንገራችሁ።

አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ከሱቁ ዘይትና ስኳር በትንሽ በትንሹ ይጎድልበት ጀመር። በሩ አልተሰበረም፤ ጓጉንቸሩም ደህና ነው። ቁልፉ ያለው በእሱና ከገጠር በመጣ የ17 ዓመት ረዳቱ እጅ ብቻ ነው። ጣት የተቀሰረው በማን ላይ እንደሆነ መገመት አይከብድም። ልጁ ማለ፤ አለቀሰ፤ የሚሰማው አጣ። የሁለት ወር ደሞዙ ተይዞበት ተባረረ። እቃው ግን ከዚያም በኋላ መጉደሉን ቀጠለ። አንድ ጠዋት ነጋዴው ቁልፉን ቤቱ ረስቶ መጣ። ጎረቤቱ ባለሱቅ እንደ ቀልድ የራሱን ቁልፍ አንስቶ ቢሞክር፣ ጓጉንቸሩ ተከፈተ። በዚያ ረድፍ ያሉ አምስት ሱቆች ከአንድ ቦታ የተገዛ አንድ ዓይነት ጓጉንቸር ነበራቸው። ማን ይገባ እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ልጁም ተፈልጎ አልተገኘም።

ይህ እንዴት ይሆናል ብትሉ፣ ምክንያቱ ቀላል ነው። በጓጉንቸሩ ሆድ ውስጥ ትንንሽ ፒኖች ተደርድረዋል። የቁልፉ ጥርስ እያንዳንዱን ፒን በልኩ ያነሳዋል፤ ሁሉም በልካቸው ሲቆሙ ቁልፉ ይዞራል። ነገሩ ከጥንታዊ ግብፅ የእንጨት ቁልፎች የመጣ ሐሳብ ነው፤ ዛሬ በኪሳችን የምንይዘውን ጠፍጣፋ ቁልፍ ያስለመደው ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1860ዎቹ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ነው። ሂሳቡን ተመልከቱ። 5 ፒን ኖሮ እያንዳንዱ 6 ዓይነት ቁመት ሊኖረው ቢችል 7776 የተለያየ ቁልፍ ሊሠራ ይችላል። 3 ፒን ሆኖ ቁመቱ 4 ዓይነት ብቻ ከሆነ ግን የሚወጣው 64 ነው። ርካሽ ጓጉንቸር በሺህ ሲመረት ቁልፉ እየተደጋገመ ነው ማለት ነው።

መፍትሔው ሱቁ ውስጥ ቆሞ መሞከር ነው። የመረጣችሁትን ዓይነት ሦስት አራት አስወጡና የአንዱን ቁልፍ በሌሎቹ ላይ ሞክሩ። ከከፈተ፣ አመስግናችሁ ውጡ።

ቀጥሎ የተሰጣችሁን ቁልፍ ቁጠሩ። ሦስት ከሆነ ሦስቱም የት እንዳሉ በደብተር ይጻፍ፤ አንዱ በእገሌ እጅ፣ ሁለተኛው በእገሊት እጅ፣ ሦስተኛው ቤት። በመሥሪያ ቤት ሳለሁ ቁልፍ በፊርማ ነበር የምንሰጠውና የምንረከበው። ግምጃ ቤቱንም ስንዘጋ በበሩና በመቃኑ መገጣጠሚያ ላይ የተፈረመበት ወረቀት እንለጥፍ ነበር። ወረቀት ሌባ አይከለክልም፤ በሩ መከፈት አለመከፈቱን ግን ይናገራል። ሰው ያለ ማስረጃ እንዳይጠረጠር ከዚህ የረከሰ መላ አላውቅም።

ሱቅ ወይም ቤት የተከራየ ሰው የመጀመሪያው ቀን ሥራው ጓጉንቸር መለወጥ ይሁን፤ የቀድሞው ተከራይ ስንት ቁልፍ እንዳስቀረጸ ማን ያውቃል? ሠራተኛ በሰላምም ሆነ በጠብ ሲለቅ እንዲሁ ለውጡ። ይህ አለማመን አይደለም። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ የለቀቀው ልጅ ስሙ እንዳይነሳ ነው። ቁልፍ በሥርዓት ሲያዝ ንብረት ብቻ ሳይሆን የሰው ስምም ይጠበቃል። ከቤት ሠራተኛ ጋር፣ ከወንድም ልጅ ጋር፣ ከምራት ጋር ስንት ዝምድና የፈረሰው «ቁልፉ ማን ጋ ነበር?» በሚል አንድ ጥያቄ ነው!

ሰው ተኝቶ ከውጭ አይቆለፍም

አሁን የምለው ለአንዳንዱ ደስ ላይለው ይችላል፤ ግን አልተወውም። ረዳቱን ሱቅ ውስጥ አስተኝቶ ከውጭ ቆልፎ የሚሄድ ነጋዴ አለ። «ለራሱም ደህንነት ነው» ይላል። ሌሊት የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢቃጠል ያ ልጅ በየት ይወጣል? ወፍራሙ ቀለበት፣ የተበየደው መያዣ፣ እስካሁን ያመሰገንኩት ጥንካሬ ሁሉ በዚያች ሰዓት በልጁ ላይ ይዞራል። ሌባን ለአሥር ደቂቃ የሚያቆም በር አዳኝንም ያቆማል። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ሁላችንም እናስታውሳለን፤ እሳት ቁልፍ እስኪመጣ አይጠብቅም። ውስጥ የሚተኛ ሰው ካለ የሚቆለፈው ከውስጥ ነው፤ ቁልፉም በእሱ እጅ ይሆናል። በልጁ ካልተማመናችሁ አታስተኙት።

በቤታችንም ያው ነው። ማታ የሳሎኑን የብረት በር ከውስጥ በጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ትራስ ሥር ማስገባት የብዙ አባቶች ልማድ ነው። እናቶችም በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ይተኛሉ። ጭስ በሞላበት ጨለማ ቁልፍ ፍለጋ ትራስ መፈተሽ አይቻልም። ከበሩ አጠገብ፣ በመስኮት እጅ የማይደርስበት ቦታ አንድ ሚስማር ምቱ። ቁልፉ ሌሊት ሌሊት እዚያ ብቻ ይሰቀል፤ ሌሊት ለኪዳን ወይም ለሱብሂ የሚወጣም ሰው ሲመለስ እዚያው ይመልሰው። ትንሹ የልጅ ልጅ ሳይቀር ቦታውን ይወቅ። አንድ ቀን መብራት አጥፍታችሁ እሱ ራሱ በዳሰሳ አግኝቶ እንዲከፍት አድርጉት። ለልጁ ጨዋታ ነው፤ ለእናንተ ግን ልምምድ።

አያያዙ

ጓጉንቸር አቧራና ዝናብ ይጎዱታል። ብዙ ሰው ቁልፉ ሲከብደው የምግብ ዘይት ያንጠባጥባል። ዘይቱ ለጊዜው ያላላዋል፤ ቆይቶ ግን አቧራ ይዞ እንደ ሙጫ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ የእርሳስ ጥቁሩን በቢላ ፍቃችሁ ዱቄቱን በቁልፉ ጥርስ ላይ አድርጉና ደጋግማችሁ አስገቡት፤ አውጡት። ክረምት ሳይገባ ለውጭ በር ጓጉንቸር ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከነመዳሪ የተቆረጠ መሸፈኛ ከላይ ብታደርጉለት ውኃ አይገባውም። ቁልፉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ሁለት ሦስቴ ካልተሞከረ አልከፍት ሲል፣ ሳይሰበርባችሁ ለውጡት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በቤታችሁ ያሉትን ቁልፎች በሙሉ፣ ከመሳቢያውም ከቦርሳውም ከመቀነቱም ሰብስባችሁ ጠረጴዛ ላይ አፍስሷቸው። የልጅ ልጆቻችሁን ጥሩና አንድ በአንድ እየሞከሩ የየትኛው በር እንደሆነ ይለዩ። በእያንዳንዱ ላይ ቀለም ያለው ክር እሰሩ፤ የክሮቹን ትርጉም የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ብቻ ይሁኑ። ምንም የማይከፍቱትን ጣሏቸው። አንድ በር ግን ቁልፉ ከቁጥር ጎድሎ ከተገኘ፣ ማንንም ሳትጠይቁ፣ በማንም ላይ ሳትቆጡ፣ ሰኞ ጠዋት አዲስ ጓጉንቸር ግዙ።