ስሙ ብዙ፣ እህሉ አንድ



ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በነሐሴና በመስከረም፣ መርካቶ የገባ ሰው የበቆሎ ጥብስ ይሸተዋል። ሴቶች በየመንገዱ ዳር ከሰል አቀጣጥለው እሸቱን ያገላብጣሉ። አንዱ ጥብሱን፣ ሌላው ቅቅሉን ገዝቶ እየጋጠ ይሄዳል።

በዚህ ወቅት አንዲት እናት ልጇን ይዛ ከገጠር መጣች። ያረፈችው አዲስ ከተማ ከሚኖሩት ታላቅ እህቷ ቤት ነው። ማታ ልጁ አንድ ራስ የበቆሎ ጥብስ በላ። በማግስቱ ሲጸዳዳ የበቆሎው ፍሬ እንዳለ ሆኖ ታየ። እናቲቱ ደነገጠች።

«እትዬ፣ ልጄ የበላው አልፈጭለትም! ሆዱ ሥራ አቁሟል» አለች።

አንዲት ጎረቤት ባልቴት ይህን ሰሙ። «ትል ነው ልጄ። ኮሶ በጥብጪና አጠጪው» አሏት።

ታላቅ እህቷ ግን፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኮሶ ለሕፃን አይሆንም። መጀመሪያ ባለሙያ እንጠይቅ» አሉ።

ተያይዘው ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሄዱ። ባለሙያዋም ጠየቀች። ተቅማጥ አለው ወይ? ደም ታይቷል ወይ? ያስመልሰዋል ወይ? ከስቷል ወይ? ልጁ አንዱም አልነበረበትም። ደጅ ላይ ይጫወታል። «እንግዲያው አይዞሽ። ያየሽው የበቆሎውን ልብስ ነው» አለቻት።

ይህ ምን ማለት ነው?

የበቆሎ ፍሬ ከላይ ሽፋን አለው። ከውስጥ ደግሞ ዱቄት የሚሆነው ክፍል አለ። ሽፋኑ በአብዛኛው የተሠራው ሴሉሎስ ከሚባል ጠንካራ ነገርና ከመሰሎቹ ነው። ሣርና ገለባም ሴሉሎስ አለባቸው። የሰው ሆድ ይህን መፍጨት አይችልም። ላምና በግ ግን ያመነዥካሉ። በሆዳቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይኖራሉ። ሣሩን የሚፈጩላቸው እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ የበቆሎው ሽፋን በሆዳችን አልፎ ይወጣል። ቀለሙም ስለማይጠፋ ፍሬው ሙሉውን የወጣ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ውስጡ ተፈጭቷል፤ ሰውነትም ወስዶታል። የቀረው ሽፋኑ ነው። ሽፋኑም ቢሆን ከንቱ አይደለም። የሆድ ድርቀትን ይከላከላል።

ነገር ግን ሳይታኘክ የተዋጠ ፍሬ በእርግጥም ሳይፈጭ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ምግቡ ባከነ ማለት ነው። የመጀመሪያው ወፍጮ ጥርስ ነው። በቆሎን በደንብ እናኝክ። ለሕፃናት ደግሞ ሙሉ ፍሬ አንስጥ፤ ጉሮሯቸውን ሊያንቃቸው ይችላል። አስፈጭተን ገንፎ እንሥራላቸው።

እሸቱ ለምን ይጣፍጣል? ፍሬው ገና ለጋ ሳለ ውስጡ ስኳር አለ። እየደረቀ ሲሄድ ስኳሩ ወደ ዱቄትነት ይለወጣል። ለዚህ ነው እሸት በተቆረጠበት ቀን ቢበላ የሚጥመው። በከተማ ሱቆች በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጥ «ስዊት ኮርን» የሚባል በቆሎ አለ። ይህኛው በተፈጥሮው ስኳሩ ቶሎ ወደ ዱቄትነት የማይለወጥ ዘር ነው። ሽፋኑ ግን እንደ እኛው እሸት ሳይፈጭ ይወጣል።

በማግስቱ ሁለቱ እህትማማቾች ለገንፎ የሚሆን በቆሎ ሊገዙ ወደ እህል በረንዳ ሄዱ። እህል በረንዳ የመርካቶ የእህል ገበያ ነው። በዚያ ከየአገሩ የመጣ ሰው ይገናኛል። እናቲቱም አንዱ እህል በብዙ ስም ሲጠራ ሰማች። በትግርኛ ዕፉን ይባላል። በኦሮምኛ ቦቆሎ ነው። በወላይትኛና በሲዳምኛ ባዳላ ይባላል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ በድሮው አማርኛ «የባሕር ማሽላ» አሉ።

የባሕር ማሽላ መባሉ ምክንያት አለው። በቆሎ መልኩ ማሽላ ይመስላል። የመጣውም ከባሕር ማዶ ነው። ባሕር ዛፍም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው። የበቆሎ አገር ግን ሜክሲኮ ነው። የዚያ አገር ገበሬዎች ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ከዱር ሣር አላምደውታል። ኮሎምቦስ በ1485 ዓ.ም. አሜሪካ ከደረሰ በኋላ በቆሎ በዓለም ተሰራጨ፤ ወደ እኛም መጣ።

ሌሎች ሕዝቦችም እንግዳ መሆኑን በስሙ ተናግረዋል። ጣሊያኖች «የቱርክ እህል» ይሉታል። ቱርኮች ግን «ምስር» ይሉታል፤ በቋንቋቸው ግብፅ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ምስር ለወጥ የሚሆነው ነው! እንግሊዝኛው «ኮርን» በአሜሪካ በቆሎ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ስንዴንና ሌላውንም እህል ያጠቃልላል።

ዛሬ ያ እንግዳ እህል ባለቤት ሆኗል። በአገራችን ጤፍ የሚዘራበት መሬት ሰፊ ቢሆንም፣ በሚመረተው መጠን በቆሎ ይበልጣል።

ሆኖም በቆሎ ብቻውን አይበቃም። ለልጅ እድገት የሚያስፈልጉ አንዳንድ ነገሮች ያንሱታል። ባቄላ፣ አተርና ሽንብራ ያሟሉለታል። እናቲቱም ከእህል በረንዳ የተመለሰችው በቆሎና ሽንብራ ይዛ ነው። ኮሶውም ቀረ።

እናስታውስ፦
1. በሰገራ ላይ የበቆሎ ሽፋን መታየቱ በሽታ አይደለም።
2. ተቅማጥ፣ ደም፣ ትውከት፣ ክሳት ወይም ትል ከታየ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ እንሂድ።
3. ሳናስመረምር ለልጅ ኮሶ አንስጥ። መጠኑ ሲበዛ ዐዋቂን እንኳ ይጎዳል።
4. የልጆችን በቆሎ እናስፈጭ፤ ከጥራጥሬ ጋር እንቀላቅል።

አንብባችሁ ተወያዩ፦
ሀ. ሣር ለላም ምግብ ሲሆን ለሰው የማይሆነው ለምንድን ነው?
ለ. በአካባቢያችሁ በቆሎ ምን ተብሎ ይጠራል? ስሙን በደብተራችሁ ጻፉ።