እንደገና ማስነሣት ማጽዳት አይደለም

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠራ ሰው አንድ ሕግ ያውቃል። ይኸውም በመፈልፈያው መኪናና በገንዳው ውስጥ የቀረ የትናንት ፍሬ የዛሬውን ቡና ያበላሻልና፥ ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ታጥቦ ማደር አለበት።

ኮምፒውተር የተማርን ወጣቶች ግን ይህን ሕግ እንዘነጋለን። በአንድ ትልቅ ሰርቨር ላይ በእንግድነት የሚሠራውን ምናባዊ ኮምፒውተር «እንደገና ተነሣ» ብለን ስናዘው፥ ማኅደረ ትውስታው የጸዳ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አስተናጋጁ ሰርቨር ለእንግዳው የሰጠውን ቦታ በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ስለማይወስድ፥ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የይለፍ ቃሉና የምስጢር ቁልፉ እዚያው ሊቈይ ይችላል። እንግዳውን በሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚያስነሣ ሰው ቢገኝ ሊያነበው ይችላል። በተራው ኮምፒውተር እንኳ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ በኋላ ትውስታው ለጥቂት ሰከንዶች እንደሚቈይ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

መድኀኒቱ ሩቅ አይደለም። ሊነክስ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተለቀቀውን ማኅደር ወዲያው በዜሮ የሚሞላ ምርጫ አለው። እንግዳውን እንደገና በማስነሣት ፈንታ ፈጽሞ አጥፍቶ ማብራትም ይረዳል። «ሥራ ያዘገያል» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፥ ጥቂት ያዘገያል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ የገበሬው ሒሳብና የታካሚው ምስጢር በእጃችን ያለ አደራ ነው። እኛ የተማርነው ቡናውን ከሚያጥበው ሠራተኛ ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረን አይገባም።