አንድ ፒክ ለምስክርነት አይበቃም

በፔፕታይድ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች አንድ ልማድ ተጠናውቶናል። ናሙናውን ሲ18 ኮለም ላይ እንጭናለን፤ 0.1 በመቶ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ባለው ውሃ ጀምረን አሴቶናይትራይሉን ቀስ በቀስ እንጨምራለን። 214 ናኖሜትር ላይ አንድ ቀጥ ያለ ፒክ ስናይ «ንጽሕናው 99 በመቶ» ብለን እንፈርማለን። ይህን ፊርማ እቃወማለሁ። ፒኩ አንድ ነው ማለት በውስጡ ያለው ነገር አንድ ነው ማለት አይደለም።

ኦክሲቶሲንን እንመልከት። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም እንዳይፈስ ለእናቶች የሚሰጠው ይህ መድኃኒት 9 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ አንዱ አስፓራጅን ነው። አስፓራጅን በጊዜ ብዛትና በሙቀት አሚዱን አጥቶ አሲድ ይሆናል፤ ክብደቱም በ1 ዳልተን ገደማ ብቻ ይጨምራል። በተለመደው ፈሳሽ፣ ፒኤች 2 አካባቢ፣ አዲሱ አሲድ ቻርጅ ስለሌለው የተበላሸው ከደህናው ጋር ተጠጋግቶ ሊወጣ ይችላል። ፒኤቹን ወደ 6 ወይም 7 ከፍ ስናደርገው ግን አሲዱ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ ውሃውን መርጦ ኮለሙን ቀድሞ ይለቃል። ናሙናውም ኮለሙም ያው ነው፤ የተሸሸገውን ያወጣው ፒኤቹ ነው።

«ማስ ስፔክትሮሜትር አለልን» የሚሉ አሉ። አስፓራጅን ሲበላሽ የሚተኩት አስፓርቲክና አይሶአስፓርቲክ አሲዶች ግን ክብደታቸው እኩል ነው፤ ከኤል ወደ ዲ የተገለበጠ አሚኖ አሲድም ክብደት አይለውጥም። በክብደት የማይለዩትን ኮለሙ ካልለያቸው ማን ይለያቸዋል? «ረዥም ኮለም ይገዛ» የሚሉም አሉ። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱም እጥፍ ይሆናል፤ የመለየት አቅሙ ግን ቢበዛ 1.4 ጊዜ ያህል ነው የሚያድገው። ኮለሙ እኩል የሚይዛቸውን ሁለት ነገሮች ርዝመት አይለያያቸውም።

እናቶቻችን እህል የሚያበጥሩት በአንድ ዕቃ አይደለም። ወንፊቱ በመጠን፣ ሰፌዱ በክብደት ይለያል፤ ከሁለቱ ያመለጠው ጠጠር በእጅ ይለቀማል። እኛም ከሲ18 ቀጥሎ ሌላ ፒኤች፣ የአዮን ልውውጥ ኮለም ወይም ሂሊክ መሞከር ይገባናል፤ እያንዳንዱ የሚለይበት ጠባይ የተለየ ነውና።

በውጤት ወረቀት ላይ የምትፈርሙ ባልደረቦቼ፣ ከ99 በመቶው አጠገብ ኮለሙን፣ ፒኤቹንና ሁለተኛውን ዘዴ ጻፉ። በሁለተኛ ዘዴ ያልተፈተነ ፔፕታይድ ንጹሕ ነው ብላችሁ አትፈርሙ፤ እናት መርፌውን የምትወጋው ወረቀታችንን አምና ነው።