መኪናው ሲነሳ የሚቀረው ድንጋይ
ከጅማ ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ቦንጋ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቢበላሽ ሹፌርና ረዳት ቅጠል ቆርጠው፣ ድንጋይ ደርድረው ሌላውን ያስጠነቅቃሉ። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል፤ በጭጋግ ለሚመጣ ሞተረኛ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። አደጋ የደረሰበትን መንገድ ቶሎ ማጽዳት ክሬን፣ አምቡላንስና የሠለጠነ ትራፊክ ፖሊስ ይጠይቃል፤ ወጪው ቀላል አይደለም። ጥቅሙን በብር ብቻ ማስላት ግን ያሳስታል። በ2005 ዓ.ም. የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ሲወጣ ተጎጂው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ፈቅዶ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ ቦንጋ ገብረ ፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ሳይደርስ ከመሸበት መብቱ ምን ይረባዋል? ክሬኑ ውድ ነው፣ እሺ፤ በድንጋዩ ፈንታ የሚቀመጥ አንጸባራቂ ምልክት ግን ርካሽ ነው። የአካባቢው ዞን አስተዳደር ከዚህ ይጀምር፤ እናንተም ሹፌሮች፣ መኪናችሁን ስታስነሱ ድንጋዩን አንሱ።