አማርኛን ያስቸገረው ኮምፒውተር ነው ወይስ ፕሮግራመሩ?

«አማርኛ ለኮምፒውተር አይመችም» የምትሉን ፕሮግራመሮች ሆይ፣ እኛ ሰበባችሁ ሰልችቶናል! የግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶች ይዞ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ መጥቷል። ታዲያ ምን ቀረ?

በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ስም አማርኛ መስሎ ይታያል እንጂ ውስጡ የላቲን ኮድ ነው። ፎንቱ የሌለበት ዴስክቶፕ ላይ ሲከፈት ዝባዝንኬ ይሆናል። አንድ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ ስሙ እንዲህ ዳታቤዝ ውስጥ ከገባ፣ ሲፈለግ «የለም» ይባላል። ሰውየው ግን መስኮቱ ፊት ቆሟል!

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፋይሉንም ዳታቤዙንም በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ። «ኃይሉ»ን «ሃይሉ» ብሎ የፈለገ እንዲያገኘው፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ለፍለጋ ብቻ አንድ አድርጉ፤ ባለቤቱ የጻፈውን ግን አትንኩ። አሥራ ሦስቱን ወር በእጃችሁ ለማስላት አትድከሙ፤ አይሲዩ የተባለው ነፃ ላይብረሪ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ያውቃል።

«የድሮውን ፋይል ማን ይቀይረው?» ትሉ ይሆናል። እናንተ ናችኋ! የድሮውን ኮድ ከዩኒኮዱ ጋር የሚያዛምድ ሰንጠረዥ አንዴ ከተሠራ ቀሪውን ማሽኑ ይጨርሰዋል።

የጎረቤቱን ስም በወጉ መጻፍ የማይችል ሶፍትዌር፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለእኛ ገና አላለቀም።