ሰርቨሩ ትንሽ ይሁን፤ ቁልፉ ግን በእጃችሁ

ውርጌሳና መርሳ ላይ ሱቅ፣ ፔንሲዮን፣ የፍራፍሬ ንግድ የከፈታችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ለድርጅቴ ዌብሳይት ላሠራ ነው፤ የትኛው ሰርቨር ይሻለኛል?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ። እዚሁ አደባባይ ልመልስ። የምለው የማይጥመው ባለሙያ ይኖራል፤ ቢሆንም ዝም አልልም።

መጀመሪያ «ቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ ምን ጎደለኝ?» ለምትሉት። ቻናሉ የእናንተ አይደለም! ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፍት ብለው እንደነበር ረሳችሁት? ሱቁን እዚያ ብቻ የከፈተ ነጋዴ ምን አማራጭ ነበረው? የሰው ወርቅ አያደምቅም። በቻናሉ ደንበኛ ጥሩበት፣ ቤታችሁ ግን ሌላ ይሁን።

ሁለተኛው «ሰርቨሩን እዚሁ ሱቅህ ውስጥ እተክልልሃለሁ» የሚለው ነው። ኧረ በሕግ! በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ፣ አካባቢያችን ያለ መብራትና ያለ ስልክ ወራት አሳልፏል። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ሰርቨር ማለት ቀንም ሌሊትም የማይተኛ ኮምፒውተር ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሌላ ቦታ፣ ዳታ ሴንተር ውስጥ የተቀመጠው ግን እኛ ጨለማ ውስጥ ሆነን እንኳ ስማችንንና ዕቃችንን አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ፣ ጅዳ ላለች እህታችን ያሳያል።

ሦስተኛው ትልቅ ሻጩ ነው። አሥር ክፍል ላላት ፔንሲዮን 16 ጊጋባይት ራም ምን ሊያደርግላት? ፎቶ፣ ዋጋ፣ ስልክ፣ አድራሻ፤ በቃ። ይህንን ተራ የጋራ ሆስቲንግ ይችለዋል። በብር የሚከፈል የሀገር ውስጥ አገልግሎት ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ሥርዓት ተለውጦ፣ ባንክ ላይ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን አትርሱ። በዶላር የተከራየ ሰው ወር በገባ ቁጥር ይህን ያስታውሳል። ገጹም ቀላል ይሁን፤ ደንበኛችሁ የሚከፍተው በገዛው ዳታ ነው።

ትዕዛዝ መቀበልና የመጋዘን መዝገብ ከፈለጋችሁ ያኔ ትንሽ ቪፒኤስ ተከራዩ፤ ለጀማሪ ባለ 1 ጊጋባይት ራም ይበቃል። ኡቡንቱ ይጫን፣ በላዩ ኤንጂንኤክስ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ወደ ሰርቨሩ መግባት በፓስወርድ ሳይሆን በኤስኤስኤች ቁልፍ ይሁን። ፋየርዎሉ 22፣ 80 እና 443 ፖርቶችን ብቻ ይክፈት፤ ሌላው ሁሉ ይዘጋ። አድራሻው ላይ የቁልፍ ምልክቷን የሚያመጣውን ሰርተፍኬት ሌትስ ኢንክሪፕት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ በየጊዜው ራሱን እንዲያድስ ማድረግም ይቻላል። «ለኤስኤስኤል» ተብሎ በየዓመቱ ዳጎስ ያለ ብር የተጠየቀበት ደረሰኝ አይቻለሁ። ለሥራው መክፈል ተገቢ ነው፤ ባለሙያ ላቡን ይብላ። በነፃ የሚገኝን ነገር ገዝቼልሃለሁ ማለት ግን ንግድ አይደለም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ዶሜይኑ ነው። ሰርቨር ዛሬ ቢከፋችሁ ነገ ትቀይራላችሁ፤ ስማችሁን ግን በምን ትቀይሩታላችሁ? ባለሙያው ስሙን በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል፣ ፓስወርዱን ይዞ ይቀመጣል፣ የተጣላችሁ ቀን ገጹም ስሙም ከእሱ ጋር ይቀራል። ውጭ ያለ የአጎት ልጅ በካርዱ ቢከፍልላችሁም ያው ነው፤ እሱ ይክፈል፣ አካውንቱ ግን በእናንተ ኢሜይል ይከፈት። ዶሜይን በየጊዜው ይታደሳል። ካልታደሰ ሌላ ሰው ወስዶ በስማችሁ ሊነግድበት ይችላል።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ዶሜይኑ በማን ስም ነው? ዋናው ፓስወርድ ማን ጋ ነው? ባክአፑ ከሰርቨሩ ውጭ የት ተቀምጧል? «አብሽር፣ እኔ አለሁ» ብሎ የሚመልስላችሁን አመስግናችሁ ወደ ሌላ ሂዱ። ሱቅ ተከራይቶ ቁልፉን አናጺው ጋ የሚተው ነጋዴ እኔ አላየሁም።

ያልገባችሁን ከታች ጠይቁ፣ እመልሳለሁ። ገንዘብ ሊከፍል የተዘጋጀ ወዳጅ ካላችሁም ቶሎ አድርሱለት።