ከሽቦው ሥር ያለው መሬት የማን ነው?

ዛሬ “ኮሪዶር” ሲባል ለሁሉም ሰው ፊቱ ድቅን የሚለው የአስፋልት ዳር መብራት፣ የእግረኛ መንገድና አዲስ የተቀባ አጥር ነው። በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪዶር ልማት ሆሳዕናም ደርሷል። እሰየው! እኛ ግን ልናነሣ የፈለግነው ሌላ ኮሪዶር ነው። ሪባን የማይቆረጥለት፣ ካሜራ የማይመጣበት፣ ሰው ግን ሊሞትበት የሚችል። ከከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር ሥርና ግራ ቀኝ ያለውን መሬት ማለታችን ነው።

ሀድያና ከምባታ የግድብ ጎረቤቶች ናቸው። ግልገል ጊቤ 2 በ2002 ዓ.ም.፣ ጊቤ 3 ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ጊቤ 3 ያቆረው ውኃ የሁለቱን ሕዝቦች ቆላ ያዋስናል። ከእነዚሁ አጎራባች ወላይታ ሶዶ ላይ የሚነሣው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መስመር ደግሞ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኬንያ ኃይል ይሸጥበታል። አካባቢው የኃይል መተላለፊያ ነው፤ ገና ብዙ ምሰሶም ይተከልበታል።

ከተሞቹስ? ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ቢሮው መጣ፣ ሠራተኛው መጣ፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ተማሪውን ይዞ አለ። በዚህ ላይ ከደቡብ አፍሪካ የሚላከው ገንዘብ አለ። የሀድያና የከምባታ ልጅ በየታውንሺፑ ሱቅ ውስጥ፣ ዛሬ ተዘረፍኩ ነገ ተገደልኩ እያለ የለቀማት ራንድ አገር ቤት ስትደርስ ቦታ ትሆናለች። ዱራሜም ሾኔም ሺንሺቾም ዶዮገናም ያው ናቸው። እንግዲህ ከተማው ይሰፋል፣ ምሰሶው ካለበት አይነቃነቅም። ሁለቱ አንድ ቀን መገናኘታቸው አይቀርም። ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ፕላን ማንበብ ይበቃል።

ሲገናኙ ምን ይሆናል? ከፍተኛ ኃይል የተሸከመ ሽቦ እንደ ቤታችን ገመድ በፕላስቲክ የተሸፈነ አይደለም፤ እርቃኑን ነው። ለመግደልም መነካት አያስፈልገውም፤ በጣም ከቀረቡት አየሩን ዘሎ ይመታል። ሙቀት ሲበዛና ብዙ ኃይል ሲሸከም ረግቦ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ነፋስ ሲመጣ ወደ ጎን ይወዛወዛል። ከሥሩ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሽቦ ሳይነካው እንኳ፣ ነዝሮ የሚያስደነግጥ ኤሌክትሪክ ሊሰበስብ ይችላል። ለዚህ ነው ከመስመሩ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ የሚተወው፤ የመስመሩ ኃይል በጨመረ ቁጥርም ስፋቱ የሚጨምረው። ባሕር ዛፍ እንኳ የተከለከለበት ቦታ ላይ ቤት ምን ይሠራል?

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ይህን መሬት የሚጠብቀው ማነው? መስመሩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ፌዴራል ነው። የከተማው ቦታ የማዘጋጃ ቤት ነው። ከከተማው ወሰን ወዲያ ያለው የገበሬ ማሳ ደግሞ የወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ነው። ሦስት መሥሪያ ቤት፣ ሦስት ማኅተም፣ አንድም ጠባቂ የለም። ገበሬው ለባሕር ዛፉና ለሰብሉ ግምቱን አንድ ጊዜ ተቀብሎ፣ መሬቱ ግን ክልከላ ተሸክሞ እጁ ላይ ይቀራል። ከተማው ሲጠጋው ደላላ ይመጣል። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ውል ተጽፎ፣ መሬቱ ቦታ ፈላጊው እጅ ይገባል። ገዢው ጆሃንስበርግ ሆኖ በስልክ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ቀና ብሎ ሽቦውን የማየት ዕድል እንኳ የለውም።

“ሕገ ወጦች በሌሊት እየሠሩ ምን እናድርግ?” የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ጎበዝ፣ ቤት እንጉዳይ አይደለም! ድንጋዩ በጋሪ፣ ማገሩ በሸክም፣ ቆርቆሮው በባጃጅ፣ በቀን በብርሃን ነው የሚያልፈው፤ የቀበሌውም ሰው ያየዋል። ደግሞ ሰዉ ተስፋ የሚያደርገው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ያለ ፈቃድ የተያዘ ቦታ ከከተማው ፕላን ጋር ከተስማማ ሥርዓት እንዲይዝ በር ከፍቶ ነበር። ሕዝቡ ከዚህ የተማረው “ቀድመህ ሥራ፣ ኋላ ሕጋዊ ትሆናለህ” የሚለውን ነው። ከሽቦ ሥር ግን ይህ አይሠራም። ሽቦ ይቅርታ አያደርግም። የማፍረሻው ቀን ሲመጣም አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚያውቀው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ሻጩ ገንዘቡን በልቷል፣ ደላላው ስልኩን ዘግቷል፣ ቀይ ቀለም የሚቀባው የገዢው ግድግዳ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ኃይል የምንሸጥላት ኬንያ ይህን በእሳት ተምራዋለች። እኛ የ2004ን አዲስ ዓመት ስንቀበል፣ መስከረም 1 ቀን፣ ናይሮቢ ውስጥ ሲናይ በሚባለው የድሆች ሰፈር ከነዳጅ ቧንቧ ያመለጠ ቤንዚን ተቀጣጥሎ 100 ያህል ሰው ፈጀ። ቤቶቹ ቧንቧው ድረስ ተጠግተው የተሠሩ ነበሩ፤ ሲሠሩ ግን በድብቅ አልነበረም። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ሌሊት አይሰፍርም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ክቡራን ከንቲባዎች፣ መስመሩ በሚያልፍበት ሁሉ ክልከላው የሚጀምርበትን ቦታ በችካል ያስምሩ፤ ይህም ከተማው ከመድረሱ በፊት ይሁን። ካርታው በየቀበሌው ግድግዳ ላይ፣ ከስብሰባ ማስታወቂያው ጎን ይለጠፍ። ሽማግሌዎችና እድሮች ያ ካርታ ሳይታይ ውል እንዳይጽፉ ይነገራቸው። ገበሬውም መሬቱ እንዲሁ ታስሮ አይቀመጥበት፤ ድንችም ጎመንም የከብት ሣርም ከሽቦ ሥር ይበቅላል፤ ለታገደው ጥቅምም የሚመጥን ክፍያ ይታሰብለት። አስቀድሞ የሠራና የሚኖር ካለ ደግሞ ምትክ ቦታ ሳይሰጠው ግሬደር አይላክበት፤ ሲሠራ ቆሞ ያየ አስተዳደር ሲያፈርስ ንጹሕ ሊሆን አይችልምና።

ችካልና ካርታ ለአስፋልት ዳር መብራት ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል አባቶቻችን። ቅጠሉን የያዘው ማዘጋጃ ቤቱ ነው።